ቄሱ ምንም አላለም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ቄስ ሁን ተባልኩ። ሰማንያ ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም፤ ቆጥሬው አላውቅም።

ሁን ያለችኝ ልጄ ትርንጎ ናት። ይህን የምትጽፈውም እሷው ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ ብያታለሁ። ጠዋት ጠዋት እንጅባራ ታስተምራለች፤ ከሰዓት ከጓደኞቿ ጋር ስልክ ላይ የሚታይ ፊልም ትሠራለች። ድርሰቱ የራሷ ነው። ለፊልሙ ሽማግሌ ቄስ አጣች። ጢም ያለው ሽማግሌ ከተማው ሙሉ ነው፤ ግን ሁሉም "ሳልቀስስ የቄስ ልብስ አልለብስም" አሏት። ወደ እኔ የመጣችው ሰው ስታጣ ነው። እንዲህ ስል ፊቷ ቀላ። ይጻፍ።

የሚስዮኑን አባ ሳልጠይቅ አልለብስም አልኩ። እኛ ካቶሊኮች ነን፤ በዚህ አገር ጥቂት ነን። ሠላሳ ዓመት የሚስዮኑ ዘበኛ ነበርኩ። አባ ሳቁ።

"ጋሽ ፈንታ፣ ፊልም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሰው አይቶት ሲነሣ ምን ወዶ፣ ምን ጠልቶ እንደሚነሣ ይመልከቱ" አሉኝ።

ትርንጎ ጥቁር ቀሚስ አሰፋች። ለበስኩት። ያምርብኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ብርዱ ከባድ ነው። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር።

ፊልም አያውቅም የሚለኝ ካለ ተሳስቷል። ድሮ በፈረንጁ አባ ጊዜ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ፊልም ይታይ ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ አንሶላ ይሰቀላል። ከአዲስ ቅዳም ከተማ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ነበር። የቅዱሳን ታሪክ ነው የሚታየው። እኔ ጄኔሬተሩን እጠብቃለሁ፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ከአንሶላው ኋላ፣ በጓሮው በር በኩል ነው። ስለዚህ ሁሉንም ፊልም ያየሁት ከጀርባው ነው። ብዙ ዓመት ፈረንጅ በግራ እጁ የሚያማትብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ምክንያቱን አባን ጠየቅኋቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ በፊት ግን ለስንቱ ሰው አስረድቼ ነበር።

ዛሬ የምናገረውን ተማርኩ። እሷ ታነባለች፣ እኔ እደግማለሁ። አንድ ጊዜ ከሰማሁ አይጠፋኝም፤ ወጣቶቹ ሦስቴ አንብበው ይረሳሉ። በፊልሙ አንዲት ሴት ለእኔ፣ ለቄሱ፣ ትናዘዛለች። የመጀመሪያ ልጇ የባሏ አይደለም። እኔ እሰማለሁ፣ እባርካለሁ። ይህ ጥሩ ነው። የመጨረሻውን ክፍል ነገ አለችኝ። ለምን ነገ እንደሆነ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

የመጨረሻውን ክፍል ሰማሁ። ባልየው ቄሱ ዘንድ ይመጣል። ልጁ የእኔ ነው ወይ፣ ይንገሩኝ ብሎ ይለምናል። ቄሱም "ልጁ ያንተ አይደለም" ይለዋል።

ቀሚሱን አውልቄ አልጋው ላይ አስቀመጥኩ።

"አባባ፣ ምን ሆኑ?"

"ይህን ቄስ አልሆንም። የተናዘዙትን የሚያወጣ ቄስ አልሆንም።"

"ፊልም እኮ ነው! ሰው የፈጠራ ታሪክ መሆኑን ያውቃል።"

"ያውቃል። ነገ አንዲት ሴት ንስሐ ልግባ ስትል ግን የሚታያት ይሄ ቄስ ነው። ከመንገድ ትመለሳለች።"

"ታዲያ የሚናገር ቄስ የለም ነው የሚሉት?"

"ይኖር ይሆናል። የእኔን ጢም ይዞ ግን አይናገርም።"

በአዊኛ ያልኩትም አለ፤ እሱን አልጽፍም ብላለች።

አለቀሰች። ካሜራው የሰው ነው፤ እሑድ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። ሌላ ሽማግሌ የለም። አንድ ዓመት ሙሉ የለፉበት ፊልም ያለ እኔ አያልቅም። "ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት እርስዎ፣ ልፋቴ የሚቀርብኝ እኔ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ሆናት ቅዳሴ ከመጣች፤ ምክንያቱን አልነገረችኝም። ቄሱን እንዲያ አድርጋ የጻፈችው ለዚህ ይሆን አልኩ በልቤ። ይህንንም ጻፊ ስላት እጇ ቆመ። ከዚያ ጻፈችው።

አርብ፣ ኅዳር 26

ዛሬ ምሳ ላይ አላናገረችኝም። እንግዲያው ጻፊ አልኳት።

ወጣት ዘበኛ ሳለሁ፣ የሚስዮኑ ጎረቤት የሆነ ካሴ የሚባል ሰው ዳማ ፈረስ ነበረው። ለጥር ጊዮርጊስ ጉግስ የሚያዘጋጀው። አገሩ የፈረስ አገር ነው፤ የሰው ፈረስ ሳያስፈቅዱ መጋለብ ሚስቱን ከመንካት አይተናነስም። ካሴ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ሲሄድ ጋለብኩት። ቦይ ሲዘል የፊት እግሩ ተሰበረ። ጥዬው በእግሬ መጣሁ። ፈረሱ ተገደለ።

ለፈረንጁ አባ ተናዘዝኩ። ሄደህ ለባለቤቱ ንገር አሉኝ። ፈራሁ።

ካሴ ጠርጥሮ ሦስት ጊዜ አባ ዘንድ መጣ። "ለእርስዎ የሚናዘዝ ሰው ነው፤ ያውቁታል፣ ይንገሩኝ" ይላል። እኔ በሩ ላይ ዱላዬን ይዤ ቆሜያለሁ። አባ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። በርጩማ ስበው አስቀመጡት፣ ውኃ ሰጡት። ካሴ ውኃውን መሬት ላይ ደፋው። "የሌባ ዋሻ!" አላቸው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ፊቱን ያዞር ነበር።

ሁዳዴ ሲፈታ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ካሴ ደጅ ወደቅሁ። ይቅር አለኝ፤ ሁለት ክረምት አረስኩለት። "አባ ያውቁ ነበር?" ሲለኝ "ጠይቃቸው" አልኩት። ጠየቃቸው። ገና ያኔ የሰሙ መስለው ዝም አሉት። እስኪሞቱ አልመለሱለትም።

ይህን ለትርንጎ ነግሬያት አላውቅም። የራሴን እኔ እናገራለሁ፤ የሰው ግን አይነገርም።

ጽፋ ስትጨርስ ደብተሩን ዘግታ ወጣች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ጠዋት "ቀሚሱን ይልበሱ" አለችኝ።

"አልናገርም።"

"ሰማሁ። ይልበሱ።"

ቀረጻው ከቤታችን ጓሮ፣ ከቀርከሃው አጥር ሥር ነው። ባል ሆኖ የሚጫወተው ደሳለኝ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ወሬ ያበዛል። ትርንጎ እንደማልናገር የምትነግረው መስሎኝ ነበር። አልነገረችውም።

ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። ዝም። ይህ ሽማግሌ ረሳው ብሎ በጥርሱ መሀል "አባቴ፣ 'ልጁ ያንተ አይደለም' ይበሉ እንጂ" አለኝ። ካሜራ ያዡ ሳቀ። ትርንጎ በእጇ ቀጥሉ አለች።

ያኔ ደሳለኝ ገባው። ተናደደ። "ይናገሩ! ቤቴን እያፈረሱብኝ ነው!" አለ። ይህ ከተጻፈው ውስጥ የለም። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ፣ እጄን ያዘኝ፣ "እባክዎ" አለኝ። እንባው የእውነት ነበር። ለጨዋታ መሆኑን እያወቅሁ አፌ ሊከፈትብኝ ደረሰ። በርጩማውን ሳብኩለት። ውኃ ሰጠሁት።

ያን ጊዜ ዝም ማለት ለአባ የቀለላቸው መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ትርንጎ "ቁረጥ" ለማለት ብዙ ቆየች።

ደሳለኝ አፍንጫውን ጠርጎ "ጋሽ ፈንታ፣ ምነው አንድ ቃል ቢተነፍሱ? ባጃጄን ልስጥዎት?" አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ካሜራው ሄደ።

የተቀረጸውን በስልክ አሳየችኝ። በቀኝ እጄ ነው የማማትበው። ጢሜ አምሯል።

ጓደኞቿ ተጣልተዋታል። ግማሾቹ "ዝም የሚል ቄስ ማን ያያል፣ ተመልካች ይተኛል" ይላሉ። የሌላ ሰው ድምፅ እንጨምርበት ያለም አለ። እስካሁን አልተወሰነም። እኔ ድርሻዬን ጨርሻለሁ።

ቅዳሴ ስሄድ በደሳለኝ ባጃጅ አብራኝ መጣች። አልገባችም። በሩ ላይ፣ ድሮ እኔ የምቀመጥበት የዘበኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ስወጣ እዚያው አገኘኋት።

መንገድ ላይ "አባ ንስሐ የሚሰሙት መቼ ነው?" አለችኝ።

"ሁልጊዜ ከቅዳሴ በፊት።"

"የሚመጣው እሑድም?"

"የሚመጣው እሑድም።"

ይህንን አትጽፈውም ይሆናል ብዬ ነበር፤ እየጻፈችው ነው። ምን ልትነግሪያቸው ነው አላልኳትም።