የፈረስ ማጣሪያ ዳኛው የአቶ ክንፈ ቸኮል የሕይወት ታሪክ

አቶ ክንፈ ቸኮል ከአባታቸው ከአቶ ቸኮል አበጋዝ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ይርገዱ ይመር በ1944 ዓ.ም. ከመካነ ሰላም ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገበሬ መንደር ተወለዱ። ከዘጠኝ ልጆች አምስተኛ ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት ወንድማቸው አቶ አወቀ ብቻ ናቸው።

ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ መካነ ሰላም ላይ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥነው እስከ ጡረታቸው ድረስ በወሎ ቦረና ወረዳ ከብትና የጋማ ከብት ሲከትቡ ኖሩ። በ1970 ዓ.ም. ከወ/ሮ አሰጋሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

አገር የሚያውቃቸው ግን ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የጥምቀትን የፈረስ እሽቅድምድም ማጣሪያ በመዳኘታቸው ነው። ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ፈረሶች ሁለት ሁለት ሆነው ከወይራው ሥር ይነሡና፣ አቶ ክንፈ በአመድ እስካሰመሩት መስመር ሽምጥ ይጋልባሉ። የቀደመ ለጥምቀት ይገባል፤ የተቀደመ ፈረሱን እየሳበ ወደ ቤቱ። ያን ጊዜ አርባም ሃምሳም ፈረስ ይመጣ ነበር። ቄስ አይሉ፣ ሊቀ መንበር አይሉ፣ ያለ ማጣሪያ ያሳለፉት አንድ ሰው የለም። በ1996 ዓ.ም. የገዛ ልጃቸውን የይሄነውን ፈረስ በአንገት ተቀድሟል ብለው መለሱት። ይሄነው ሁለት ዓመት ሙሉ አኮረፋቸው፤ በሽማግሌ ሲታረቅ ፈረሱን ሸጦ ባጃጅ ገዝቶ ነበር።

ሌላውም እንደዚያው አደረገ። ሞተር ሳይክል መጣ፤ ገብስና ድርቆሽ ተወደደ። አርባው ፈረስ አሥራ አራት፣ አሥራ አራቱ አምስት ሆነ። አቶ ክንፈ ግን አመዳቸውን በቆርቆሮ ይዘው ከማጣሪያው ቀርተው አያውቁም። ምን ሊያጣሩ ነው እየተባለ ሲቀለድባቸው አብረው ይስቁ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የመጣው የእህል ነጋዴው ሁዜይፋ ብቻ ነበር። ብቻውን የጋለበ ማንን ቀደመ ይባላል ብለው፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው የራሳቸውን ዳማ ፈረስ ጭነው ከሁዜይፋ ጋር ተሰለፉ። ተቀደሙ። ሁለት ፈረስ ካለ እሽቅድምድሙ አይቀርምና እርስዎም ይግቡ ብለው ሽማግሌዎቹ ለመኗቸው፤ ሁዜይፋም በአላህ፣ በነቢ ብሎ ለመናቸው። ዳማዬ ተቀድሟል፣ አይገባም አሉ። በዚያ ጥምቀት እሽቅድምድም አልተደረገም። ወ/ሮ አሰጋሽም እሽቅድምድሙን አንተ ነህ የገደልከው አሏቸው።

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው ደሴ ሆስፒታል ገቡ። የፈረስ ምዝገባ የሚጀመረው ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ነውና፣ ስንት ተመዘገበ እያሉ በየቀኑ ይጠይቁ ነበር። ይህን የጻፈችው ልጃቸው ሀይማኖት አሥራ ሁለት አለቻቸው። እነማን ናቸው ሲሉ ጨንቋት የድሮ ጋላቢዎችን ስም ትደረድር ጀመር። አቶ መለሰ ስትል ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት፤ አቶ መለሰ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው። አላጋለጧትም። አሥራ ሁለት ከሆኑ ማጣሪያ ያስፈልጋል፣ አወቀ ያጣራ፣ ለማንም አይዘን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሀይማኖት እውነቱን እዚህ በጉባኤ ፊት ትናገራለች፤ የተመዘገበ አንድም ፈረስ አልነበረም። እስካሁንም አላለቀሰችም፤ ምን እንደነካት አታውቅም።

አቶ ክንፈ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው ዐርፈው፣ ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ታኅሣሥ 10 ቀን በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸው ወ/ሮ አሰጋሽ፣ ልጆቻቸው ይሄነውና ሀይማኖት፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው እንዲሁም ወንድማቸው አቶ አወቀ ከኋላቸው ቀርተዋል።

በሰው ላይ ጥብቅ ነበሩ፤ በራሳቸው ላይ ደግሞ የባሰ። ቸሩ እግዚአብሔር ግን ነፍሳቸውን ያለ ማጣሪያ ያሳልፍልን። አሜን።