ላንተ የምትቀረው ብሎን

ጥፋተኛው አንተ ነህ፣ የእናቴ ልጅ። ሰላምታው ይደርስሃል፣ አትቸኩል፤ ይህን ካልተነፈስኩ ግን እጄ ወደ ሌላው ቃል አልሄድ አለኝ። የጋሼህ መኪና ሞተር የተቃጠለው በአንተ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት አድርጎሃል? ያ ስታጎነብስ ቀጥ አድርጎ የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ ባሕር ተሻግሮ ተከተለህ? እንቅልፍ ትተኛለህ? ሥራው አልከበደህም? ባለቤትህ ጤናዋ እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ባልና ሚስት ከእኔ ጉልበትና ከጋሼህ ጆሮ በቀር ደህና ነን። የእኔ ጉልበት ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፤ የእሱ ጆሮ ደግሞ የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ቆመን እንሄዳለን።

ጽሕፈቱ ቢንጋደድብህ እንዳትስቅ። የራሴ እጅ ነው። እስከ ዛሬ የምትጽፍልኝ የዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ ጨዋ ልጅ ናትና ቃሌን ሁሉ በስኳር እየለወሰች ነው የላከችልህ። የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ስለይ፣ አንድ ቀን በትከሻዋ ላይ አጮልቄ ባነብ፣ እኔ "ተናድጄበታለሁ በይው" ያልኳትን እሷ "በጣም ናፍቀኸኛል" ብላ አስቀምጣዋለች። ምን ታደርጊያለሽ ብላት "እትዬ፣ ሰው አገር ያለ ሰው እኮ ነው" አለችኝ። እንግዲህ እስካሁን የደረሰህ ናፍቆት ሁሉ ንዴት እንደነበረ እወቀው። ንዴቱ ውስጥ ናፍቆት አልነበረም ግን አላልኩም።

ደግሞም ፊደል ሳልለይ የመፍቻ ቁጥር የለየሁ ሰው ነኝ። "አሥራ ሦስት አቀብይን" ስትሉኝ አሥራ አራት ሰጥቻችሁ አውቃለሁ?

ቅዳሜዎቹ ትዝ ይሉሃል? አንተ ሳምንቱን ሙሉ ጨርቅ ስትለካ፣ ጋሼህ ፖስታ ቤት ማኅተም ሲመታ ትከርሙና፣ ቅዳሜ ጠዋት ቱታችሁን ለብሳችሁ ብቅ ስትሉ ሹመት ያገኛችሁ ነበር የምትመስሉት። ጋራዥ ትሉታላችሁ እንጂ የእኔ የማገዶ ክፍል ነበር። ጣሪያው ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ኮፈኗ ተከፍቶ ስለማያልቅ፣ መኪናዋን ግማሽ ድረስ ገፍታችሁ አፍንጫዋን ወደ ግቢው ታወጧት ነበር። ዝናብ ሲመጣ አንተ ከፊት እየገፋህ፣ እሱ ከበሩ እየጎተተ፣ ስትሯሯጡ የሰፈሩ ሰው በአጥር ላይ ሆኖ ይስቅ ነበር። "አክስት" ብለህ የሰየምካት አንተ ነህ። ጠዋት ስትነሳ እንደ አክስታችን ታቃስታለች፣ ደግሞም ቶሎ በይ ብሎ የሚደፍራት የለም እያልክ።

ቅዳሜ ትፈታላችሁ፣ እሑድ ትገጥማላችሁ። እሑድ ወደ ማታ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ተርፎ ሳህን ላይ ይገኛል። ይሄስ ከየት ነው ስላችሁ፣ ጋሼህ ኮስተር ብሎ "ፋብሪካው ያበዛው ነው" ይለኛል፤ አንተ ደግሞ "ለክፉ ቀን ያስቀመጠልን ነው እትዬ" ትለኛለህ። የክፉ ቀን ብሎን ሞልቶ ጣሳው ሊከደን አልቻለም። የፍሬኑን አየር ስታስተነፍሱ ደግሞ እኔን መሪው ኋላ አስቀምጣችሁ "እርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!" ስትሉኝ ትውላላችሁ። ሽንኩርቴን ጭኔ ላይ አድርጌ እየላጥኩ እረግጣለሁ፤ እንባዬ ይወርዳል፤ አንተ ከታች አንገትህን አውጥተህ "ጋሼ፣ እያስለቀስናት እኮ ነው" ትላለህ። ሽንኩርቱ ነው ብዬህ ነበር። ሽንኩርቱ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ያን ያህል የሳቅኩበት ቦታ የለኝም።

ወደ ጥፋትህ ልምጣ። አንድ ጊዜ ጋሼህ ብሎን ሲያጠብቅ መፍቻው እየተንሸራተተበት የብሎኑን ጠርዝ በላውና ተናደደ፤ አንተ ደግሞ ጉልበት ነበረህ። ከዚያ ወዲህ የየሥራውን የመጨረሻ ብሎን እሱ በጣቱ ብቻ አስይዞ ይተዋል፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ የተገለበጠው ሣጥን ላይ ይቀመጣል፤ አንተ ረጅሙን መፍቻ ይዘህ መጥተህ እስክታቃስት ድረስ ትስባለህ። ከዚያ ኮፈኗን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አድርገህ "አሁን መኪና ሆነች" ትላለህ። ሕግ አደረጋችሁት። የመጨረሻዋ ያንተ ናት። ሱቅ ሄደህ ብትዘገይ እንኳ ይጠብቅሃል እንጂ እሱ አይነካትም።

ከዚያ ሄድክ። ለጥቂት ጊዜ ነው ብለህ። በየደብዳቤህም "መኪናዋን እንዳትሸጡ፣ መጥቼ አብረን እንጨርሳታለን" ትላለህ። ስንት ሰው ሊገዛት መጣ፤ ጋሼህ "የሁለት ሰው ናት፣ አንዱ የለም" እያለ መለሰ። ያንተን ቱታ ከምስማሩ ላይ እንዳናወርደው ከለከለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻውን ገብቶ ይነካካል፤ ካንዴላ ያጥባል፣ ያጠበውን መልሶ ያጥባል።

ባለፈው ዘይት ልቀይር ብሎ ገባ። አሮጌውን አፈሰሰ። ከሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን በጣቱ አስይዞ ወጣ፤ እጁን ጠረገ፤ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። አየህ? አንተን መጠበቁ ነው። እጁ ለምዷል። ሻይ ወሰድኩለት፣ ጠጣ፤ ከዚያ የቀረ ነገር መኖሩን ረሳና ተነስቶ አዲሱን ዘይት ሞላ፣ አስነሳት። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ዘይቱ በበሩ ሥር እንደ ጎርፍ ወጥቶ ወደ እግሬ ሲመጣ አየሁ። ብሎኗ በንዝረቱ ወልቃ ነበር። አጥፋ ብዬ ጮህኩ፤ ጆሮውን ነግሬሃለሁ። ሞተሩ እንደ ተያዘ ከብት ጮኸና ዝም አለ።

ጋሼህም አብሮ ዝም አለ። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ቅዳሜ ሲደርስ ቱታውን ይለብስና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ጢሙን መላጨት ተወ። ከእኔ ጋር መጣላት ተወ፤ ሻዩን ያለ ስኳር ሰጥቼው እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ቁራጭ ብረት የሚገዛው ሰውዬ በአጥሩ ብቅ ሲል "ቅዳሜ መጥተህ በታትነህ ውሰዳት" አለው። እኔ ግን "እኔንም" ያለ መስሎ ነው የተሰማኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ከኪሱ ወሰድኩ። ያንተን ቱታ ከምስማሩ አውርጄ ለበስኩ፤ እጅጌው እጄን ዋጠው። ኮፈኗን ከፍቼ ያገኘሁትን መፍቻ ያገኘሁት ብሎን ላይ አደረግኩና መታገል ጀመርኩ። የምሠራውን አውቄ አይደለም፤ ድምፅ ለማሰማት ነው። ብዙም ሳልቆይ ጋሼህ በር ላይ ቆሞ "እሱ አሥራ ሰባት ነው እንጂ አሥራ ዘጠኝ አይደለም! ጠርዙን ልትበይው ነው!" ብሎ ጮኸብኝ። ስንት ጊዜ የጠበቅኩት ጩኸት! እኔም "ታዲያ ቆመህ ከምትለፈልፍ ና አሳየኝ" አልኩት። "የማንን ልብስ ነው የለበስሽው?" አለኝ። "የሌለ ሰው ልብስ" አልኩት። እንዲህ እየተባባልን ሳለ ብረት ገዢው ጋሪውን እየገፋ መጣ። ቆሞ አዳመጠን፤ ሻይ ሰጠሁት፤ ጠጣና "እናንተ ስትፋቱ እመጣለሁ" ብሎ ጋሪውን ባዶውን አዞረ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ የእኔ ሆኑ። የጋሼህ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔ እፈታለሁ። ዘይት አጥተው የተበሉትን የሞተሩን ኩሽኔታዎች ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አገኘን። ዳቦ ጋጋሪው ከባዱን አነሳልን፤ መኪናዋ ላይ የእጁ ዱቄት አሁንም አለ። እኔም ጥፍሬ ሥር ዘይት ገብቶ አልወጣ ብሎ ትምህርት ቤት ደብተሬን አበላሸሁ። ለካ ያን ጊዜ ሁሉ እኔን ከመሪው ኋላ አስቀምጣችሁ ደስታውን ለራሳችሁ ያስቀራችሁት ወዳችሁ አይደለም።

ሁሉም አልቆ ያቺ የማፍሰሻ ብሎን ብቻ ስትቀር፣ ጋሼህ "እሷን እንኳ ራሴ ላስይዛት" ብሎ ከሥር ገባ። በጣቱ አስያዛት። ወጣ። እጁን ጠረገ። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠና ወደ ግቢው በር ተመለከተ። መፍቻዎቹን እየሰበሰብኩ ነበር፣ ደረቅኩ። "ማንን ነው የምትጠብቀው?" አልኩት። "ልማድ ሆኖብኝ ነው" አለኝ፤ ዓይኑን ግን ከበሩ አላነሳም። ስንት ጊዜ "ይመጣል" ብዬዋለሁ መሰለህ። ያን ዕለት አላልኩም። ረጅሙን መፍቻ አነሳሁና በዚህ ጉልበቴ ከሥሯ ገብቼ እስካቃስት ድረስ ሳብኩ።

ዘይት ሞልተን ከሥሯ ጋዜጣ አነጠፍን። በማግሥቱ ጋዜጣው ደረቅ ነበር። ስናስነሳት አክስት ሳል ሳል አለች፣ ተቆጣች፣ ከዚያ ለዘብ ብላ ማንጎራጎር ጀመረች። ጋሼህ ኮፈኗን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረጋት፤ "አሁን መኪና ሆነች" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስከ ዳቦ ቤቱ ሄደን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ አነዳዴን ሲነቅፍ ነበር ብዬ እንዳልዋሽህ፣ የነዳው እሱ ነው፤ የነቀፍኩት እኔ ነኝ።

አትምጣ አላልኩህም። ና። ሣጥኑ ቦታው ነው፣ የክፉ ቀን ብሎኖቹም ጣሳቸው ውስጥ ናቸው። ቱታህን ግን እግሩን አሳጥሬዋለሁ፤ ስትመጣ ሌላ ይዘህ ና።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በመልኳ ሳላውቃት ስለ ወገብህ የምታስበው እሷ ናትና አመሰግናታለሁ። ለትልቋ ልጅህ፣ ፊደል ከጀመረች አክስቷም እንደ ጀመረች ንገራት፤ እንጻጻፍ። ያንን መጫወቻውን ሁሉ የሚፈታታውን ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ብሎን ሲተርፈው እንዳትቆጣው። ለአማትህም እንደምን ከረሙ በልልኝ። ጋሼህ ሰላም ብሎሃል፤ በራሱ አፍ ነው፣ እኔ አልጨመርኩበትም።

ከእንግዲህ ግን ላንተ ብሎን አላስቀርም።

እህትህ
ከጋራዡ ደጃፍ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ