ለጉና ሰው የተሰጠ ቃል
የአቶ አንዱአምላክ ላቀው የሕይወት ታሪክ (1946–2017 ዓ.ም.)

አቶ አንዱአምላክ ላቀው ከአባታቸው ከአቶ ላቀው ወርቁ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈንታነሽ ዛሬ አስከሬናቸው በሚያርፍበት በዚህ በጉና አጥቢያ ኅዳር 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ያ ዓመት ውርጭ ገብሱን ሳይደርስ የፈጀበት ዓመት ነበርና እናታቸው «እህሉን ቢወስድም ልጅ የሰጠኝ ያው አንዱ አምላክ ነው» ብለው ስም አወጡላቸው።

ዕድሜያቸው ለፊደል ሲደርስ ከደብሩ መምህር ዘንድ ገብተው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም አባታቸው በበቅሎ አፈናጥጠው ደብረ ታቦር ወሰዷቸውና ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ አንድ መምህር የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አሳዩዋቸው። ለፋሲካ ወደ ጉና ሲወጡ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም፤ «እማ፣ ሽንኩርት ውስጥ ቤት ለቤት የተያያዘ አገር አለ» እያሉ ይስቁ ነበር። እናታቸውም «ሰው ሽንኩርት ሲልጥ ያለቅሳል፣ የእኔ ልጅ ይስቃል፤ ምን አስነክተውብኝ ይሆን?» ብለው ጠበል አስጠመቋቸው። ጠበሉ ግን ማይክሮስኮፑን አላስለቀቃቸውም።

በ1963 ዓ.ም. ጎንደር ወርደው የላቦራቶሪ ሙያ ተማሩ። በ1965 ዓ.ም. ተመርቀው ደብረ ታቦር ተመደቡና እስከ ጡረታቸው እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ አርባ አንድ ዓመት በዚያው ሙያ አገለገሉ። ከፎገራ በወባ እየተንቀጠቀጠ የሚመጣውን ገበሬ ደም ሳያዩ ምሳ አይበሉም ነበር። «ደም አይዋሽም፤ የሚዋሸው ቸኩሎ ያየ ዓይን ነው» ይሉ ነበር።

በጥር 1966 ዓ.ም. የአንበሳሜ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ሙላቴ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። በተጋቡ በወሩ ሙሽራይቱን ወደ መሥሪያ ቤታቸው ወስደው፣ የራሳቸውን ጣት በመርፌ ጫር አድርገው፣ የገዛ ደማቸውን በማይክሮስኮፕ እንዲያዩ ጋበዟቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማሩ ቢሆኑም ደም ማየት አይደፍሩም ነበር። ስለዚህ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉና «አየሁ፣ ያምራል» አሉ። ነገሩ እውነት እንዳልነበረ አቶ አንዱአምላክ የሰሙት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን እንደ ሕፃን ከፋቸው። ከዚህ ትዳር ወይዘሮ ሙሉሐብትንና አቶ ምስጋናን አፍርተዋል።

በ1989 ዓ.ም.፣ የልጅ ልጃቸው ትሕትና በተወለደችበት ዓመት፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ተመራማሪዎች መጡ። ጥያቄያቸው አጭር ነበረች። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ትውልድ በትውልድ ላይ የኖረ ሰው ደሙ ምን ይመስላል? አገሩን የሚያውቅ ባለሙያ ሲፈልጉ አቶ አንዱአምላክን አገኙ። እርሳቸውም ለራሳቸው ሰዎች ሲሉ በደስታ ተቀበሉ፤ ለየቤቱ ስጦታ የሚሆን አንድ ጆንያ ጨው ከወዳጃቸው ከአቶ አደም ሱቅ አስጭነው በበቅሎ ወደ ጉና ወጡ።

ከቅዳሴ በኋላ በዚሁ ደጀ ሰላም ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር። ሰዉ ፈራ። ደም ወስዶ ማን መልሶ ያውቃል? ያን ጊዜ የአጥቢያው ገበሬ አቶ ፈንታሁን ተነሥተው «አንተ አንዱአምላክ፣ ደማችንን ወስደህ ምን አለ ብለን ማንን እንጠይቅ?» አሉ። አቶ አንዱአምላክ ቆብ አውልቀው ሁሉም የሚያስታውሰውን ቃል ተናገሩ። «መልሱን እኔ ራሴ አመጣላችኋለሁ። ሳልነግራችሁ ብሞት መሬት አትቀበለኝ!»

ይህን መሐላ የሰሙት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደነገጡ። «ምነው አንቱ! በሌላ አይምሉም? መሬት እኮ ቀልድ አታውቅም» አሏቸው። አቶ አንዱአምላክ ሳቁ። በሦስት ቀን አርባ ሰው ደሙን ሰጠ፤ የመጀመሪያው አቶ ፈንታሁን ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አቶ አንዱአምላክ ራሳቸው «ስትጽፊው በረዶውንም ጨውንም እንዳትዘዪ» ብለው ለባለቤታቸው አደራ ስላሉ፣ መደበቁ ደስ ቢያሰኝም፣ እንዳለ ተጽፏል።

ሲመለሱ ወንዙ ሞልቶ አንድ ቀን አሳደራቸው። ደሙ የነበረበት፣ ክትባት የሚጓጓዝበት ማቀዝቀዣ ሣጥን ሞቀ። በማግስቱ ከሰዓት ጉና በረዶ አወረደች። አቶ አንዱአምላክ «እግዜር ከሰማይ ላከልኝ» ብለው በረዶውን በእፍኝ እየዘገኑ ሣጥኑን ሞሉት። የተረፈ ጨው ነበረና፣ ጨው ሥጋን ከመበላሸት የሚያድን መሆኑን የማያውቅ የጉና ልጅ የለምና፣ በረዶው ቶሎ እንዳይቀልጥ ከላይ ነሰነሱበት። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ወረቀት «ቀዝቃዛ ይሁን» ይላል እንጂ «በረዶ አይሁን» አይልም ነበር።

ደብረ ታቦር ደርሰው ሣጥኑን ሲከፍቱ ብልቃጦቹ በሙሉ በረዶ ሠርተው ድንጋይ ሆነው ነበር። ሲቀልጡም ከላይ ቢጫ ውሃ ከታች ደም ሆኖ መለየት ሲገባው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የጠራ ቀይ ውሃ ሆነ። በማይክሮስኮፕ ቢያዩ አንድም ሕዋስ የለም፤ ሁሉም ፈንድቷል። ተመራማሪዎቹ ደጎች ነበሩ፣ አልተቆጡም። ከሌላ ተራራ የሰበሰቡትን ይዘው ሄዱ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅም «ዝም ይበሉ፤ ደማችንን በከንቱ አፈሰሰብን ብለው ቢቀየሙብንስ?» አሉ። አቶ አንዱአምላክ ሰሟቸው። ባይሰሟቸው ኖሮ ደግ ነበር።

እንግዲህ ሃያ አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አቶ ፈንታሁን ቅዳሜ ገበያ ድንች ጭነው በወረዱ ቁጥር በላቦራቶሪው መስኮት፣ ከጡረታ በኋላም በቤታቸው ደጅ ብቅ ብለው «ደማችን ምን አለ?» ይላሉ። አቶ አንዱአምላክም «ገና አልመጣም፣ ጋሼ» ይላሉ። አቶ ፈንታሁንም «እንግዲህ ይዘገያል፤ ሩቅ አገር ነው የሄደው» ብለው ያጽናኗቸዋል። ከስድብ ይልቅ ይህ ማጽናናት ያማቸው ነበር። ወደ ጉና መውጣት ተዉ። በ1994 ዓ.ም. እናታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ሲያርፉ ግን ወጡ። ለቅሶ ላይ ነውና ማንም ስለ ደሙ አልጠየቃቸውም፤ ባለመጠየቃቸው ይበልጥ አለቀሱ።

ደብረ ታቦር ያለው ቤታቸው በረንዳ ፊቱ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ነበር። በጡረታ ሲወጡ አግዳሚ ወንበራቸውን ወደ ቤቱ ጀርባ አዞሩት፤ ከዚያ ጉና ትታያለች። ነፋሱ ብርድ እንዳያስይዛቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋቢ ደርበው ቢለምኗቸው አይገቡም። ደመና ሲሸፍናት «ዛሬም ፊቷን አዞረችብኝ» ይላሉ። ጥርት ስትል ደግሞ የአባታቸውን የገብስ ማሳ፣ በልጅነታቸው ቁመታቸውን የሚለኩበትን የደጋውን ረጅም ተክል ጅባራን፣ ጥርስ የሚያነቃንቀውን የምንጭ ውሃ እየጠቀሱ ያወራሉ። ከቤታቸው እስከ ጉና የአንድ ቀን መንገድ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ያለ አገር ሃያ አምስት ዓመት ሲናፈቅ ያየ ሰው፣ ናፍቆት በርቀት እንደማይለካ ያውቃል።

ትሕትና ባዮሎጂ ተምራ፣ በአዲስ አበባ ሕይወት ያለውን ሕዋስ ሳይገደል በብርሃን የማየት ጥናት ጀመረች። በ2014 ዓ.ም. ለእረፍት ስትመጣ አያቷ ከዚያ ወንበር ላይ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ነገሯት። እርሷም ወደ ጓዳ ገብታ በረዶ በቆርቆሮ ኩባያ አመጣች፣ ቴርሞሜትር አስገባች፣ አንድ ጭብጥ ጨው ጨመረች። «አባባ፣ ይዩ» አለች። በረዶው እየቀለጠ ሳለ ቅዝቃዜው ወረደ፣ ወረደ፣ ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ገባ። ጨው በረዶን ያቀልጣል፤ በረዶው ሲቀልጥ ግን ሙቀቱን ከአጠገቡ ካለው ይወስዳል። አቶ አንዱአምላክ ኩባያውን ተቀብለው «እኔ የፈረድኩት በበረዶው ላይ ነበር። ለካ ያዳንኩ መስሎኝ ነው የገደልኩት» አሉ። አቶ አደም ይህን ሲሰሙ «እኔማ ከእንግዲህ ጨው ስሸጥ ‹ለደም አይሆንም› ብዬ ነው» ብለው አሳቋቸው። ከልባቸው ሲስቁ ከስንት ዘመን ወዲህ ያን ቀን ታዩ።

በጥር 2015 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስለ ብርዱም ስለ መንገዱም እያለቀሱ፣ ከትሕትና ጋር በበቅሎ ጉና ወጡ። በዚሁ ደጀ ሰላም ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። ከዚያ አቶ ፈንታሁን በዱላቸው መሬቱን መታ አድርገው «አንተ፣ ደማችንን ቋንጣ ልታደርገው ኖሯል!» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከአርባዎቹ ሃያ አንዱ በሕይወት ነበሩ፤ ክንዳቸውን እንደገና ዘረጉ። ከሞቱት በአሥራ ስምንቱ ፈንታ ልጆቻቸው ሰጡ። ልጅ ባልተወው በአንዱ ፈንታ አርባኛውን ደም አቶ አንዱአምላክ ራሳቸው ሰጡ፤ እርሳቸውም የጉና ሰው ናቸውና። ያን ሳምንት እዚያው ሰነበቱ፤ ከምንጩ ጠጡ፣ ከጅባራው ሥር ቁመታቸውን ለኩ። ጅባራው የበፊቱ አልነበረም፤ እርሳቸው ግን ነው አሉ።

ከዚያ ከተመለሱ ወዲህ ጥቂት በጥቂት መርሳት ጀመሩ። ሐኪሞች የአእምሮ ሕዋሳት መገናኛቸው እየላላ የሚሄድበት ሕመም ነው አሉ። ትሕትና ለአያቷ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ እንዳስረዳችው፣ ዛሬ ተመራማሪዎች በአይጥ አንጎል ውስጥ አንድ ትዝታ ሲነሣ የትኞቹ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚበሩ በብርሃን እስከማየት ደርሰዋል፤ የጠፋውን ለመመለስ ግን ገና ናቸው። ከዚያ በኋላ አቶ አንዱአምላክ ባለቤታቸውን «እማ» ብለው በጠሩ ቁጥር፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ «ወዬ» እያሉ፣ ከእነዚያ ሕዋሳት መካከል ጥሩወርቅ የምትል አንዲቷ ብቻ ብልጭ እንድትል ይመኙ ነበር። የአርባዎቹን ሰዎች ስም ግን እስከ መጨረሻው አልረሱም።

ትሕትና አዲስ አበባ የወሰደችው የአርባዎቹ ደም መልሱ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደረሰ። ትሕትና የደሙን ምስል አሳየቻቸው፣ ነገረቻቸው፤ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ። በማግስቱ ረስተው «ደማችን ምን አለ?» አሏት፤ ነገረቻቸው፤ እንደ አዲስ አመሰገኑ። በየቀኑ እንዲህ ነበር። መልሱን ራሳቸው ለማድረስ በበቅሎ ላይ መቀመጥ ግን አልቻሉም። ትሕትና «እኔ ወጥቼ ልንገራቸው» ስትል ወይዘሮ ጥሩወርቅ መንገዱ ሰላም አይደለም ብለው ከለከሏት። ብቻዋን የምትወጣ ልጅ ናት፤ ፈሩ። በዚህ የጉና ሰው ይቅር ይበላቸው።

አቶ አንዱአምላክ ሕመማቸው ጠንቶ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ፊታቸው ወደ ጉና እንደዞረ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩወርቅን፣ ልጆቻቸውን ወይዘሮ ሙሉሐብትንና አቶ ምስጋናን፣ ትሕትናን ጨምሮ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ከሥጋ ዘመድ የማይለዩትን አቶ አደምንና ባለቤታቸውን ወይዘሮ ረሂማን ትተው አልፈዋል።

እንግዲህ ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት ቃላቸው ይፈጸም። ሽማግሌዎች ነፋስ ከማይመታችሁ ከግንቡ ጥግ ጠጋ በሉና ስሙ።

ጋሼ ፈንታሁን፣ ደማችን ምን አለ ብለው ነበር። በሌላው ዓለም ከፍ ባለ ተራራ ላይ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ ደሙ ይወፍራል፤ ቀይ ሕዋሱ በዝቶ ይጨናነቃል። የእናንተ ደም አልወፈረም። ይህ ማነስ ወይም በሽታ አይደለም፤ ማንም እንዳይደነግጥ። ከፀጉር በቀጠነ መንገድ ሲያልፍ ሕዋሱ እንደ በረት በር ላይ በግ አንድ በአንድ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይገፋፋ ያልፋል። እንዴት እንደቻለበት ገና አልታወቀም፤ አርባ ሰውም ጥቂት ነው ትላለች ትሕትና፤ ያወቀችውን ከመንገር፣ ያላወቀችውንም አላውቅም ከማለት አልተቆጠበችም።

በዚህ ወረቀት ጀርባ የታተሙት ቀያይ ክቦች ጌጥ አይደሉም። የአቶ አንዱአምላክ ደም ናቸው፤ ምስሉ ሲነሣ በሕይወት ነበሩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በዚህ ጊዜ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። አይተዋል፤ ያምራል።

መሬት ሆይ፣ መልሱ ተነግሯል፤ ከእንግዲህ የምትይዢባቸው ቃል የለምና ልጅሽን ተቀበያቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ፣ የረሱት ሁሉ ከሚታወስበት ቦታ ያሳርፍልን። አሜን።