ጨው የረሳች የባሕር ልጅ

ይድረስ ለእናቴ ለካሊያማ፤ ፓምባን።

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ውኃ ሲገባው የሚያምሽ ጆሮሽ ተሻለሽ? ባሕር ስትወርጂ ጣቶችሽን በጨርቅ ትጠቀልያቸዋለሽ ወይስ ዛሬም «ምን ይሆናሉ» እያልሽ ድንጋዩ ይቆራርጣቸዋል? እኔ ደኅና ነኝ፤ የአንቺ ናፍቆት ግን አላስቀምጥ ብሎኛል።

ቲሩፑር ሰው ሞልቷል፣ የኔ የምለው ግን የለም። አብረውኝ የተከራዩት ሁለት ሴቶች ስፌት ፋብሪካ ነው የሚሠሩት፤ እኔ ስገባ እነሱ ይወጣሉ። ሩዝ ለአንድ ሰው መቀቀል እስካሁን አልለመደልኝም፤ የተረፈውን ጠዋት በውኃ ዘፍዝፌ እበላዋለሁ። ከሰው ጋር ሳላወራ የሚመሽበት ቀን አለ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። አንቺ የምትለቅሚው የባሕር ሣር ዱቄት ሆኖ እኔ ዘንድ ይመጣል። ከረጢቱን በከፈትኩ ቁጥር አሸተዋለሁ፤ ባሕር ባሕር አይልም። በጥብጬ፣ መድኃኒት ባለበት ውኃ ላይ ጠብ ጠብ ሳደርገው ዶቃ ዶቃ የሚያህል፣ እንደ ሙጫ የረጋ ጄል ይሆናል። የጨርቅ ማቅለሚያው ፍሳሽ በዚያ መሐል ሲያልፍ ጄሉ ቀለሙን ይመጥጠዋል። አለዚያ ፍሳሹ የሚወርድበት ወንዝ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚውለው። የማቅለሚያ ቤቱ ጌታ እስከ ፖንጋል በዓል ጊዜ ሰጡኝ፤ ከሠራ ሁለት ዓመት ልቆይ፣ ካልሠራ ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ።

መጀመሪያ ጉድ ሆንኩ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቀለሙን በንጹሕ ውኃ በጥብጬ ስሞክረው ግሩም ሠራ። ፋብሪካው ገንዳ ውስጥ ሲገባ ግን ዶቃዎቹ በሁለተኛው ቀን አብጠው፣ ተልፈስፍሰው ገንፎ ሆኑ። ዋናው ቀላሚ፣ ሽማግሌው ማሪሙቱ፣ ሣቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ቀለሙ ጨርቁን እንዲይዝ ስንት ጆንያ ጨው እንደምንደፋበት አታውቂም? የባሕር ልጅ ሆነሽ ጨው ትረሻለሽ?» አሉኝ። ሰው ሲስቅ አብሬ ሳቅሁ፤ ክፍሌ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

እውነቱን ልንገርሽ? ከልቅሶው ሥር ደስታም ነበረበት። ካልሠራ ወደ አንቺ መምጣቴ ነዋ። የሻንጣዬን አቧራ ሁሉ ጠርጌ ነበር። ያን ሰሞን ነው ወንድሜን ሴንዲልን አጽፈሽ «በየማክሰኞው መቅደስ ሄጄ እናት አምላካችንን እለምንልሻለሁ፣ ይሠራልሻል» ያልሽኝ። እንዴት እንቢ ልበልሽ? እንደገና ጀመርኩ። ጨው እንዳይፈታው ከሌላ ጠንካራ ጄል ጋር አጠላልፌ ሠራሁት። ዐሥራ አራት ቀን ፍሳሹ ውስጥ ከርሞ አንዲት ዶቃ እንኳ አልፈረሰችም።

ትናንት ውኃው ጠርቶ ወጣ። ማሪሙቱ በብርጭቆ ቀድተው ጣታቸውን ነከሩና «አርባ ዓመት ስቀልም በዚህ ውኃ ውስጥ ጥፍሬን አይቼ አላውቅም» አሉ። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እኔ በጣቴ ቀመስኩት። ቀለሙ ሄዷል፣ ጨዋማነቱ ግን እንዳለ ነው፤ እሱን የሚያወጣው ሌላ መሣሪያ ነው። የደጃችንን ባሕር ይላል፣ እማዬ። ፊቴን አዞርኩ።

ሴንዲልን፣ ሚስቱን ቫሱኪን በጣም ሰላም በይልኝ። ትንሿ ኒላ አክስቷን እንዳትረሳ ስሜን እየጠራችሁ አሳድጉልኝ። ጎረቤታችንን ፔቺን ባሕር ውስጥ ከአጠገብሽ እንዳትርቅ ንገሪያት።

ልመናሽ ሰምሯል፤ ስለዚህ ለፖንጋል አልመጣም። ከእንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ስትሄጂ፣ እባክሽ፣ እንድመጣ ለምኚልኝ።

ልጅሽ ካያል
ቲሩፑር፣ ማርጋዚ ወር በገባ በሃያ ሁለተኛው ቀን