የዘመመው ቤታቸው ነው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፦

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ጎንበስ ባልክ ቁጥር የሚቆለፍብህ ወገብህስ? ሚስትህ፣ ልጆቹ፣ እማዬ ሁሉም ደህና ናቸው? ጋራዡስ ገበያው እንዴት ነው? ሁላችሁንም ደህና ያድርጋችሁ። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፣ ግን ውሸት ነው፤ ጫማዬም ውኃ ያስገባል። ግድ የለም፣ እሱን ሊስትሮው ያየዋል፤ ያንተ ሙያ ፍሬን ነው።

ባለፈው ስልኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሰምተህ ግማሹን "ሀሎ ሀሎ" ስትል ስላመለጠህ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ። ደግሞም ልቤ ሞልቷል። በስልክ ብነግርህ አለቅሳለሁ፣ አንተ ደግሞ እኔ ሳለቅስ "ኔትወርክ የለም" ብለህ ትዘጋለህ። አውቅሃለሁ እኮ!

የምንከባከባቸውን አሮጊት ነግሬሃለሁ። ሰፈሩ እማማ ጎማ የሚላቸው ቤታቸው ጎማ ስላለው ነው። አውቶቡስ የሚያክል መኪና ነው፤ ከፊት መሪ፣ ከመሀል ምድጃና ጠረጴዛ፣ ከኋላ አልጋ። ከባላቸው ጋር አገር ሲዞሩበት ኖሩና ባላቸው ሲሞቱ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ አቁመውት እዚያው ቀሩ። በሳምንት አንዴ እኔ እየነዳሁ ቁልቁል ወርደን ውኃ ሞልተን እንመለሳለን። አንተ እየጮህክብኝ ያስተማርከኝ መንዳት ይኸው ጠቀመኝ።

ከክረምቱ ወዲህ ታዲያ እማማ ጎማ ሁለት ነገር ይሉ ጀመር። አንደኛው፣ ሌሊት ቤቱ ይዘምብኛል። ሁለተኛው፣ አልጋዬ ሥር የሆነ ነገር ሹክ ይለኛል። ከአልጋ ሲወርዱም ሁለቴ ወደቁ፤ ትከሻቸው ጠቁሮ ነበር የሰነበተው። ልጃቸው ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፣ እናቱን የሚወድ ሰው ነው፤ ግን ፈራ። ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው፣ ጆሯቸው ታየ፣ ደማቸው ታየ፣ ምንም የለም ተባለ። ምንም የለም ከተባለ ለልጅ ያው እርጅና ነው ማለት ነው። ያ ሹክሹክታ ሲጨመርበትማ አለቀ፤ አእምሯቸው ዞረ ብሎ አመነ። የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ክፍል ያዘላቸው፣ ለቤቱም ገዢ አፈላለገ። ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳቸው ተቆረጠ። እሳቸው ደግሞ "እዚያ ከገባሁ በእግሬ አልወጣም" ብለው ዕቃቸውን ሳይነኩ ቁጭ አሉ። እኔስ ምን ልበል?

እኔ የማድረው መንገዱን ተሻግሮ ባለችው ክፍሌ ነው። ጠዋት ስመጣ ሁልጊዜ ቤቱ ቀጥ ብሎ፣ ሞቅ ብሎ ነው የማገኘው። ለካ ጉዱ እሱ ላይ ነበር! እማማ ጎማ ጎህ ሲቀድ ተነስተው ሞተር ያስነሳሉ፤ "ልጅቷ በርዷት ስትመጣ ቤቱ ሞቆ ይቆያት" ብለው። ልጃቸው የሚመጣ ቀንም እንደዚሁ፣ እንዲያውም ቀደም ብለው። ሞተሩ ሲነሳ ከሥሩ ቤቱን የሚሸከመው ንፋስ ይሞላል፣ የወደቀው ጎን ይነሳል፣ እኛም ቀጥ ያለ ቤት አይተን "ኧረ የት ዘመመ?" እንላቸዋለን። በደግነታቸው ምስክራቸውን ሲያጠፉ ከረሙ።

ማክሰኞ ጉንፋን ጥሏቸው ሳይነሱ ቀሩ። በግቢው በር ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? ያ ሁሉ ቤት በቀኝ የኋላ ጎኑ ቁጭ ብሏል! ጎማው መከለያው ውስጥ ገብቶ ተሰውሯል። በሩጫ ገብቼ ሞተሩን ሳስነሳ የንፋስ ማነስ ማስጠንቀቂያው እሪ አለ፤ የእጅ ፍሬኑም አልለቅም ብሎ ብዙ አስጠበቀኝ። ከዚያ የኋላው ቀስ እያለ፣ እንደ ግመል ከቂጡ ተነሳ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ "እማማ፣ እውነትዎን ነው! እውነትዎን ነው!" እላለሁ። እሳቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ሆነው "ምኑ?" ይሉኛል። ያኔ ነው የደወልኩልህ።

አንተም ነገሩን ሳልጨርስ "ሁለቱም ጎን ነው የሚወድቀው ወይስ አንዱ?" አልከኝ። ቀኙ ብቻ ነው ስልህ "እንግዲያው የንፋስ ታንኩን ለጊዜው ተዪውና የዚያን ጎን የንፋስ ትራስ እዪ" አልክ። እንዲህ ያለ መኪና እንደ ጭነት መኪና በባሌስትራ ብረት ሳይሆን በጎማ ትራስ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ፍሬኑም ትራሱም ንፋስ የሚጠጡት ሞተሩ ከሚያዞረው አንድ ኮምፕሬሰር ነው፣ አንዱ ካፈሰሰ ሌላውን ይጠማዋል ብለህ አስረዳኸኝ። "ሥሩ ከገባሽ ግን እህቴ አይደለሽም! ንፋሱ ድንገት ከለቀቀ ያ ሁሉ ብረት ነው የሚጫንሽ" ብለህ የጮህከው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አልገባሁም፤ ለእማዬም ይኸንኑ ንገራት። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጬ፣ የቀለም ብሩሽ መጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አስሬ፣ ከጎን ሆኜ እየዘረጋሁ ቀባሁት። ወንድም ጋሼ፣ አረፋው ተነፋ! ትራሱ ከታጠፈበት ላይ ተሰንጥቋል። ሞተሩን አጥፍቼ አልጋቸው ላይ ጋደም ብዬ ሳዳምጥ ደግሞ ያ ሹክሹክታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ለልጃቸው ደወልኩ። "ስለምታዝኚላቸው ነው፣ ይገባኛል" አለኝ በትሕትና። ደሜ ፈላ። "እሺ፣ ቅዳሜ ሊወስዷቸው አይደል? እንግዲያው ዓርብ ይምጡና አልጋቸው ላይ እርስዎ ይደሩ" አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እሺ አለ።

ዓርብ ማታ እማማ ጎማን ወደ ክፍሌ ይዤ ሄድኩ፤ የሞተሩንም ቁልፍ ይዤ ሄድኩ። አልጋዬን ለቅቄላቸው መሬት ተኛሁ። ወይ ማንኮራፋት! በስንጥቅ የወጣው ንፋስ ሁሉ እሳቸው ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው።

ጠዋት ስንሄድ ልጃቸው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ቤቱ ከኋላው ተንጋዷል፣ ግንባሩ አብጧል። "ልነሳ ስል ቁም ሳጥኑ መጣብኝ" አለ። ከዚያ ወደ እናቱ ቀና ብሎ "እማ፣ ሹክ ሲለኝ ነው ያደረው" አላቸው። እሳቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "ውይ የኔ ልጅ! አንተንም ማቆያ እናስገባህ እንዴ?" ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ፣ ሲስቅ እንባው መጣና ጉልበታቸውን ይዞ ቀረ። እሳቸው ራሱን እየደባበሱ "በል ተነስ፣ ብርድ ነው" ይሉታል።

መካኒክ አምጥቶ ሻሲውን በብረት መቆሚያ አስደግፎ ትራሱንም ያረጀውንም ቱቦ አስለወጠ። መካኒኩ የተሰነጠቀውን በእጁ እያገላበጠ "በዚህ ነው ቁልቁለት ስትወርዱ የከረማችሁት? ስንጥቁ ቢሰፋ ኮምፕሬሰሩ አይደርስበትም ነበር። ንፋሱ ሲያልቅ ፍሬኑ በራሱ ነክሶ መሀል መንገድ ላይ ጎማውን ይቆልፍብሽ ነበር" አለኝ። ተመስገን ነው ሌላ ምን ይባላል። ልጃቸው የያዘውን ክፍል እዚያው ቆሞ በስልክ መለሰ፣ ገዢውንም አሰናበተ። በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ሞተር ሳይነሳ ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘሁት። ከደስታዬ ብዛት ጎማውን ሳምኩት ብልህ ታምነኛለህ?

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለኝ። ትናንት ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው "ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔም አምኛቸው ነበር" አሉኝ። "ቤቱ ሲዘም የዘመምኩት እኔ ነኝ አልኩ። ኋላ ኋላ ሜዳ ላይ ስቆም እንኳ የምይዘው ነገር እፈልግ ነበር።" እኛ ስንስቅባቸው እሳቸው በገዛ እግራቸው ላይ እምነት አጥተው ነበር።

በል እንግዲህ፣ ለሚስትህ ናፍቆቴን አድርስልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ እጅጌው ብቻ የሷን ክንድ ነው የሚያክለው። ትልቁን ልጅህን እቀፍልኝ፤ ድምፁ ጎርናና ሆነ አሉ። ትንሿን ጉንጯን ሁለቴ ሳምልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። "እማዬ ሌሊት ጣሪያው ላይ ሰው ይሄዳል ትላለች፣ እያረጀች ነው መሰለኝ" ብለህ የጻፍክልኝን ሳነብ እኔም እንዳንተው ስቄ ነበር። አሁን አልስቅም። ወንድም ጋሼ በሞቴ፣ ይህን ወረቀት አስቀምጥና መሰላል አቁመህ ውጣ።

እህትህ

ከመንገዱ ማዶ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ጥቅምት ፳፫ ቀን