የዘነበች ሄልሜት

ሰኞ

ሄልሜቷን አጥባ የልብስ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ሄልሜት ይታጠባል እንዴ? ቢጫ ነው። ከኔ ነጠላና ከአከራያችን አንሶላ መሀል ተንጠልጥሏል። ግቢው ሁሉ እንዲያየው ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

የጎን ክፍል ተከራይዋ ዘነበች ናት። ከዶርዜ አብረን ወርደን፣ በአንድ ባሬላ ስንት ድንጋይ ተሸክመናል፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አሁን እሷ ሴቻ ሰፈር፣ መንግሥት የሚያሠራው ጤና ጣቢያ ላይ ገብታለች። እኔ እዚሁ ሲቀላ ሰፈር፣ የጋሽ ከድር ፔንሲዮን ግንባታ ላይ ቀርቻለሁ። የቀን ዋጋዋ ከኔ ይበልጣል። ሄልሜት ሰጧት። ጓንት ሰጧት። የኔን እጅ ሲሚንቶ በልቶታል፤ እስክሪብቶ ስይዝ እንኳ ይቆጠቁጠኛል።

ማታ በሬ ላይ ቆማ «ዛሬ ምን በላችሁ?» አለችኝ። ወደዚያ ከሄደች ጀምሮ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። «ኩርኩፋ» አልኳት፤ ለምሳ ከጋሽ ከድር ቤት በድስት የሚመጣልን በቆሎና ጎመን ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው? ሰምታኝ ወደ ክፍሏ ገባች። ንቀት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እሷ እዚያ ሥጋ እየቆረጠች ይሆናል።

ማክሰኞ

አዲሷ የባሬላ ጓደኛዬ አስቴር ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን እርምጃችን አይገጥምም። እሷ ስትቆም እኔ እገፋለሁ፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል። ዛሬ እግሬን ለጥቂት ሳተኝ። የረገምኩት ዘነበችን ነው።

ፎርማናችንን ታደለን ጠየቅሁት። ሲሚንቶው ያው፣ ድንጋዩ ያው፣ ለምንድነው እነሱ የሚበልጡን? እየሳቀ «የመንግሥት ሥራ ሕግ አለው» አለኝ። ተቋራጩ በከተማው ከሚከፈለው በታች መክፈል አይችልም። የከተማው ዋጋ የሚባለው ደግሞ ትልልቆቹ ሆቴሎች ለግንባታ የሚከፍሉትም ታይቶ ነው። ለአንድ ዓይነት ሥራ ሴትም ወንድም እኩል። «የግል ሥራ ግን በስምምነት ነው። አንቺም ተስማምተሻል» አለ። መቼ ነው የተስማማሁት? እኛ ጋ የሴት ዋጋ የሚባል አለ፤ ስገባ እዚያው ጠበቀኝ።

የሚያንገበግበኝ ዋጋው ብቻ አይደለም። አብረን ልንመዘገብ ተነጋግረን ነበር። እናቴ ታማ ዶርዜ የወጣሁ ቀን ብቻዋን ሄዳ ተመዘገበች። ስመለስ «ሰው ሞላ» አለችኝ። እኔ እሷን ትቼ አልሄድም ነበር። ይመስለኛል።

ረቡዕ

ደስ የሚል ወሬ! የሴቻው ተቋራጭ «ከከተማው ዋጋ በላይ እየከፈልኩ ነው» ብሎ አቤት ብሏል። ስለዚህ ዓርብ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሰው ይመጣል፤ የግል ሥራ ያለበትን እየዞረ ስንት እንደሚከፈለን ይጠይቃል። እኛም ጋ ይመጣል። የኛ ዝቅ ብሎ ከተገኘ የነዘነበችም ይወርዳል።

ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። አስቴር እንኳ «ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው?» አለችኝ።

ዘነበች ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል፤ ሰምታለች። «ዓርብ እናንተ ጋ ይመጣሉ አሉ» አለች። «ይምጡ» አልኩ። ቀጥላ ደግሞ «ምን በላችሁ?» አለችኝ። ከዚህ ሁሉ በኋላም! በሩን ዘጋሁባት።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሥራዋን ትጣ አላልኩም። ትውረድልኝ ብቻ ነው ያልኩት።

ሐሙስ

ታደለ ውሃ ልኩን ቤቱ ረስቶት መጥቶ ሴቻ ድረስ ላከኝ። ባጃጁ በጤና ጣቢያው በኩል አለፈ። የምሳ ሰዓት ነው። አላስቻለኝም፣ ወራጅ አልኩ። ሥጋዋን ስትበላ ልያት ብዬ።

አጥሩ ሥር ተቀምጣለች። ሄልሜቱን ጭኗ ላይ ገልብጣ አስቀምጣዋለች፤ ውስጡ ቆሎ አለ። እፍኝ አይሞላም። እንዳያልቅባት ቀስ እያለች ነው የምትቆረጥመው። ከጎኗ ያሉትም እንዲሁ ናቸው። እዚያ ከአሠሪ የሚመጣ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ምግብ ቤት ገብተው ቢበሉ ምን ሊተርፋቸው? ኪራይ አለ፣ የልጇ ትምህርት አለ።

ሄልሜቱን ለምን እንደምታጥበው ገባኝ።

አላየችኝም፣ ተመለስኩ። የኛ ድስት በዚህ ሰዓት ተከፍቷል። «ምን በላችሁ?» እያለች ስትጠይቀኝ ርቧት ነበር፤ እኔ ደግሞ በር ዘጋሁባት። አንጀቴን በላችው። ግን ደግሞ ተናድጄባታለሁ። ለምን አትነግረኝም? ሄልሜት ሰቅላ ከምታቃጥለኝ!

ዓርብ

ከቢሮ የመጣው ወጣት ነው፣ ትሑት። ጋሽ ከድርም በርጩማ አስመጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ተራ በተራ ጠየቀን። ሁሉም በእጁ የሚቀበለውን ተናገረ። «ከዚህ ሌላ የምታገኙት አለ?» ሲላቸው ሁሉም «የለም» አሉ።

መዋሸታቸው አይደለም። እኛ ዘንድ የበሉትን እህል መቁጠር ነውር ነው። የጋሽ ከድር ባለቤት እትዬ ሙኒራ በእጃቸው ሠርተው የሚልኩትን ምሳ፣ ባልየው ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ማን ደፍሮ ደመወዝ ነው ይላል?

ተራዬ ደረሰ። እንደነሱ «የለም» ብል ማንም አይታዘበኝም። ዘነበችም ትወርድልኝ ነበር። ስመኘው የከረምኩት ነገር አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር።

«ምሳ እንበላለን» አልኩ። «በየቀኑ። ምሳው ባይኖር በዚህ ዋጋ አልሠራም። ወንዶቹ ደግሞ በክፍያ ከኔ ይበልጣሉ፤ እሱንም ያዝልኝ።»

ልጁ ቀና አለ። «ምሳ ካለማ ግምቱ ዋጋው ላይ ይደመራል» አለና እንደገና ሁሉንም መጠየቅ ጀመረ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። አስቴር ብቻ ቀስ ብላ «አዎ፣ አለ» አለች።

ጋሽ ከድር ተነሡ። «ያበላሁሽን ቆጠርሽብኝ፣ ጽጌ?» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቅር ብሏቸው ነው ያሉት። «ይቅርታ፣ ጋሼ» አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የተናገርኩትን ግን አልመለስኩም።

ለማን ብዬ ነው? ጥላኝ ለሄደች ሴት!

ቅዳሜ

የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ድስቱ አልመጣም። ሁሉም ያዩኛል። አንዱ ግንበኛ «እንግዲህ ግምቱን ብዪ» አለኝ።

ወደ ሥራ ልንነሣ ስንል ጋሽ ከድር ራሳቸው ድስቱን ይዘው መጡ። መሬት አስቀመጡትና «እንኩ፣ ደመወዛችሁን ብሉ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ደመወዝ ነው ካልሽ ልከለክል አልችልም። ሙኒራ ግን አዝናብሻለች፤ ሄደሽ አናግሪያት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ነገ እሄዳለሁ። ሽሮው ያው ሽሮ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ሳላፍር ጭማሪ ጠየቅሁ።

የነዘነበች ዋጋ ይውረድ አይውረድ ገና አልታወቀም። ሌሎቹ ጋ ምን እንደተባለ እንጃ። እኔ ያልኩትን ግን ዘነበች ከአስቴር ሰምታለች። አመሻሹ ላይ በሬ ጋ መጥታ ቆመች። ምን በላችሁ አላለችም።

«ግቢ፣ ብዪ» አልኳት።

በላች። ብዙ በላች። እጇን ስትታጠብ «ያን ቀን ልጠብቅሽ ይገባኝ ነበር» አለች።

«አዎ» አልኩ። ይቅር ብዬሻለሁ ለማለት አፌ እሺ አላለኝም።

ከሄደች በኋላ ልብሴን ላነሣ ወጣሁ። ሄልሜቱ ታጥቦ ተሰቅሏል። ዙሪያዬን አየሁ፤ ግቢው ውስጥ ማንም የለም። አውርጄ ራሴ ላይ ደፋሁት።

ልክ ሆነኝ። ይሄ ነው ያበሸቀኝ።