ከፀሐይ የደበቅኩት እግርህ

ዳኜ የኔ ጌታ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ተውኩት። ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ወጣ። እኔ አለሁ፤ አርፎ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ይህችን ወረቀት እንኳ ሁለቴ ጥያት ተነስቼ ሁለቴ ተመልሼባታለሁ።

ቤቱ ያው ነው። የገነባኸው የድንጋይ አጥር ንቅንቅ አላለም። ልጃችን ማሂ እጽዋት ማዕከሉ ውስጥ የችግኝ ሥራ ይዛለች፤ በየማታው ጭቃ በጭቃ ሆና ነው የምትገባው፣ ብታያት ትስቅባት ነበር። ሌላው አዲስ ነገር የኔ እግር ነው። አትደንግጥ። ስኳር እኔንም ያዘኝ፤ በቅርቡ ጫማ ተረከዜን ልጦኝ ቆሰልኩ። ምን አደረግኩ መሰለህ? ደበቅኩት! ልክ ያንተን እንደደበቅኩት። ማሂ ካልሲዬ ላይ እርጥበት ስታይ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

እዚያ ቁስሉን አጥበው፣ የሞተውን ሥጋ አንስተው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ቀይ መብራት ያበሩበታል። አዎ፣ መብራት! አያቃጥል፣ አያሳክክ። ገና እየተጠና ያለ ሕክምና ነው ብለውኝ ፈርሜ ነው የገባሁት። ሰውነት ሲቆስል ቀድመው የሚደርሱ በሽታ ተከላካይ ሴሎች አሉ አለችኝ ነርሷ፤ ጀርሙን የሚገድሉ፣ ቆሻሻውን የሚበሉ። ያን ሲጨርሱ ጠባያቸውን ቀይረው ወደ መጠገን መዞር አለባቸው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ያንኑ ማፍረሳቸውን ይቀጥላሉ፣ ቁስሉም እንደተቆጣ ይቀራል። መብራቱ ወደ ጥገናው እንዲዞሩ ያግዛቸዋል ብለው ተስፋ አድርገዋል። አንተ ግንበኛው ብትሰማ ወዲያው ይገባህ ነበር። ሸጎሌ ሰፈር ቤት ስትሠራ አሮጌውን ቤት የሚያፈርሱት ሰዎች ቦታ አልለቅ ብለውህ ስትበሳጭ አልነበር?

ነርሷ መብራት ስትል ግን ጆሮዬ ጭው አለ። እኔ አንተን ጨለማ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩህ።

ያኔ ሚስማር ጫማህን በስቶ እግርህ ገብቶ፣ ስኳሩ እግርህን አደንዝዞት ምንም ሳይሰማህ ስትገነባ ዋልክ። ከዚያ እኔ አዋቂዋ ተነሳሁ። ቁስል ፀሐይ ካገኘው ምች ይመታዋል ብዬ ወፍራሙን መጋረጃ ሰቀልኩ። ሽታ እንዳይመታህ ሽንኩርት ማቁላላት ተውኩ፤ እህትህን ሽቶ ተቀብታለች ብዬ ከበር መለስኳት። አንተ ደግሞ በረሃብ ልትገድለኝ ነው እያልክ ትስቅብኝ ነበር። እሱስ ይሁን። የቁስል ማጠቢያ ቀጠሮህ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ፀሐይ አይወጣም ብዬ ሁለቱን ቀጠሮ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ስንሄድ መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቷል አሉን።

መጋረጃው ነው ወይ የገደለው ብዬ ነርሷን ጠየቅኳት። ፀሐይና ይህ መብራት አንድ አይደሉም፣ መጋረጃው ምንም አላደረገውም አለችኝ። እፎይ ልል ስል፣ ሳይታጠብ መክረሙ ግን ይጎዳል ብላ ጨመረች። ምነው ያን ባልነገረችኝ!

ከዚያ ወዲህ ያጠብኩትን ድስት መልሼ አጥባለሁ። በር ድረስ ሄጄ ለምን እንደሄድኩ ይጠፋኛል። እግርሽን አሳርፊ ይሉኛል፤ እንዴት አድርጌ? ይቅርታ ልጠይቅህ እጀምርና መልሼ እናደድብሃለሁ። ለማንም የማትበገር ሰውዬ፣ ለኔ ምች ለምን እሺ አልክ?

ትናንት ፋሻው ሲፈታ ቁስሉ ዳር ዳሩን ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ አብቅሏል። መብራቱ ይሁን፣ ኢንሱሊኑ ይሁን፣ እጥበቱ ይሁን ገና አናውቅም አሉ። ማሂ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ አለቀስኩ። የኔው ሊድን ነው ዳኜ፣ ያንተ ሳይድን።

መጋረጃውን አውርጄዋለሁ። የኔም ቀጠሮ ስድስት ሰዓት ነው፤ ማሂ እየደገፈችኝ፣ ጥላ ሳልይዝ እሄዳለሁ። አንድም አላስቀርም። ሲድንልኝ ደግሞ መቃብርህ ድረስ እመጣለሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሁለቱም እግሬ። እስካለሁ ድረስ መምጣቴን አልተውም።

ያንተው ጥሩዬ